«ገና እኮ አለፈ፣ እማዬ»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከስቶክሆልም ነው። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ አወጣሁ።

«ስዊድን ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ፈረቃው አይጨበጥም። አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው አብረውን ይኖራሉ፣ ይኼ ሁለተኛ ክረምታቸው ነው። አምና ለገና ሁለት ሌሊት ብቻዬን ስሠራ አድሬ ዶሮውንም ዳቦውንም አሟልቼ ሳቀርብ፣ ልጄ ‹ገና እኮ አለፈ፣ እማዬ! ለምንድነው ሁለቴ የምናከብረው?› አለችኝ። ትንሹ ማካሮኒ ካልሆነ አልበላም ብሎ አለቀሰ። ባለቤቴ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ወደ ሥራ ሮጠ። አማቴ መስኮት ሥር ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ። እኔም መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ዘንድሮ ደክሞኛል። እንደ አገሩ ሰው በዲሴምበር 24 አክብረን ብንገላገልስ? ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን? ይኼ ቤትስ በምን ይሞቃል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኃጢአቱን በተመለከተ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ እሱ የእኔ ድርሻ አይደለም። ስለ ቤቱ ግን የምለው አለኝ። እኔም ልጆቼን ያሳደግኩት እዚያው ስዊድን፣ ጎተንበርግ ነው።

አምና በዓልሽን ያበላሸው ቀኑ አይመስለኝም። ልጆችሽ ገናን ያዩት ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ነው። እነሱ ተኝተው አንቺ ሠራሽ፣ ጠዋት ሲነሱ ያልጠበቁት ምግብ ተደርድሮ አገኙ። የዲሴምበሩን ግን አንድ ወር ሙሉ ሲጠብቁት ነበር። ትምህርት ቤት የወረቀት ኮከብ ቆርጠዋል። ዲሴምበር 13 ለሚከበረው የብርሃን በዓል፣ ለሉሲያ፣ ነጭ ለብሰው ዘምረዋል። በየእሑዱ አንድ ሻማ ሲጨመር ቆጥረዋል፣ በየማለዳው እስከ ገና የሚቆጠርባትን የካላንደር ትንሽ መስኮት ከፍተዋል። በዚህ ሁሉ ያደገ ልጅ አንድ ረቡዕ ጠዋት ድንገት «ዛሬ ገና ነው» ቢባል ምን ይበል? ልጅሽ ባህሏን ናቀች ብለሽ እንዳታዝኚ። ያየችውን ነው የተናገረችው።

እስቲ የራስሽን ልጅነት አስቢ። እኔ የገና ቀን ምን ያህል ዶሮ እንደበላሁ አላስታውስም። ዋዜማውን ግን ከነሽታው አስታውሰዋለሁ። አባቴ ዶሮውን እግሩን አስሮ ከገበያ ሲያመጣ፣ ወንድሜ በፈላ ውኃ ነክሮ ላባውን ሲነጭ፣ እኔ ደግሞ ብልቶቹን በሎሚና በጨው እያሸሁ ውኃው እስኪጠራ ሳጥብ፣ እናቴ «አሁንም ይሸታል፣ ድገሚው» እያለች ስትመልሰኝ፣ ጣቴ በሎሚው ተቃጥሎ እንኳ ቦታዬን ለእህቴ አልለቅም ስል... ሥራ ነበረኝ። በዓሉ የእኔም የሆነው በዚያ ነው። ልጆችሽ ሥራ የላቸውም። አማትሽም የላቸውም። ባለቤትሽም የለውም። ሁሉም እንግዳ፣ አንቺ ብቻ አስተናጋጅ።

ስለዚህ ቀኑን አትቀይሪ። ዋዜማውን አስረዝሚው።

ይኼን ስልሽ ሌላ ሸክም እየጫንኩብሽ እንዳይመስልሽ። አገሩ ራሱ ያግዝሻል። የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15፣ ማለትም ኖቬምበር 24 ነው። ስዊድኖቹ ደግሞ ከገናቸው በፊት ያሉትን አራት እሑዶች አድቬንት ይሏቸዋል፣ የመጀመሪያው ከኖቬምበር 27 እስከ ዲሴምበር 3 ባለው ውስጥ ይውላል። በአንድ ሰሞን እኮ ነው የምትጀምሩት! እነሱም እናንተም አንድ ልደት ነው የምትጠብቁት። እነሱ አራት ሻማ አብርተው ይደርሳሉ፣ እናንተ ሁለት እሑድ ትጨምራላችሁ። ቁጠሪው፣ ከመጀመሪያው አድቬንት እስከ እኛ ገና ሁልጊዜ ስድስት እሑድ አለ። አራት ሻማ የሚይዘውን መቅረዝ ግዢና ሁለት ሻማ ከጎኑ አቁሚ። ለልጅሽም «እኛ ስድስት ነን» በያት። ጓደኞቿ ያላቸው አልቀረባት፣ እንዲያውም ሁለት ተጨመረላት።

የእነዚያን እሑዶች ስም ደግሞ አማትሽን ጠይቂያቸው። ከገና በፊት ያሉት ሦስቱ ስብከት፣ ብርሃን እና ኖላዊ ይባላሉ፣ እሳቸው ሳያውቁት አይቀሩም። ብርሃን የሚባለው እሑድ የሚውለው ከታኅሣሥ 14 እስከ 20 ባለው ነው፣ በፈረንጆቹ ከዲሴምበር 23 እስከ 29 መሆኑ ነው። ይኼን ያወቅኩ ቀን ቁጭ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ስዊድን ውስጥ ከዓመቱ ሁሉ ጨለማው የሚበረታው በዚያው ሰሞን ነው፣ የእኛ አባቶች ደግሞ እሑዱን ብርሃን ብለውታል። የዚያን ቀን የቤቱን መብራት በሙሉ አጥፍታችሁ ሻማውን ብቻ አብሩ። አያት ትናገር፣ ልጆች ይስሙ። በሚቀጥለው ሳምንት ኖላዊ ነው፣ ኖላዊ ማለት እረኛ ነው። እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው በግ ጠብቀው ከሆነ ያንን ይንገሯቸው። የደብረ ብርሃን እረኛ በታኅሣሥ ውርጭ እንዴት እንደሚያድር ለ5 ዓመት ልጅ ከየትኛውም ተረት ይበልጣል።

አሁን ወደ ልጅሽ ጥያቄ ልመለስ። «ገና አለፈ» ስትልሽ «አላለፈም» በያት፣ ከዚያም በመስኮት አሳያት። ስዊድኖች የገናውን ዛፍ የሚያወጡት በ20ኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 13 ነው፣ በእኛ ጥር 5። እስከዚያ ድረስ ኮከቡም የኤሌክትሪክ ሻማውም በየቤቱ መስኮት እንደበራ ነው። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29፣ ጃንዋሪ 7 ሲውል ሰፈሩ ሁሉ አሁንም በመብራት ላይ ነው። ልጅ በነገርሻት ሳይሆን ባየችው ታምናለች። እና አንድ ነገር አደራ፣ ዲሴምበር 24 ላይ ያላችሁን ጌጥ በ27 እንዳታወርጂ። እኔ ይኼን ስህተት ሠርቻለሁ። የሥራዬ ነገር አጣድፎኝ ቤቱን ዲሴምበር 27 ጠራርጌ ባዶ አደረግኩት፣ ገና ሲደርስ ልጄ ግድግዳውን እያየ «የእኛ በዓል መብራት የለውም?» አለኝ። ያን ቃል እስከዛሬ አልረሳሁትም።

በዲሴምበር 24ስ? ጎረቤት ወይም የልጅሽ ጓደኛ ቤት ከጠሩሽ ሂጂ። እኛስ ለጎረቤታችን የእስልምና በዓል እንኳን አደረሳችሁ ብለን እንገባ የለ? እንደዚያው ነው። የጾም ነገር ካሳሰበሽ ከመሄድሽ በፊት ለቤቱ ባለቤት በግልጽ ንገሪ፣ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት የማይበሉ ሰዎች እዚያ አገር ብዙ ስለሆኑ ማንም አይገረምም። የሉሲያ ቀን የሚበላው ቢጫው የሳፍሮን ዳቦ ወተትና ቅቤ አለው። ቀጭኑ የዝንጅብል ብስኩት ግን ከሱቅ ከሚገዛው ውስጥ ቅቤ የሌለው ይገኛል፣ የማሸጊያውን ጀርባ አንብቢ። ልጆቹ ትምህርት ቤት የተሰጣቸውን ቢበሉ ግን ለምን በላችሁ ብለሽ አታስጨንቂያቸው። የ5 ዓመቱ ጾም የሚጠየቅበት ዕድሜ ላይም አልደረሰም። ለትልቋም ቢሆን በፍቅር ይሁን። «ዓርብ ዓርብ ከአያትሽ ጋር ሹሮ ትበያለሽ» ብትያት ከቁጣ ይልቅ ያስተምራታል።

አማትሽ ጋ ደረስኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሰው ደብረ ብርሃንን ሲያስብ ብርድ ነው የሚታየው። ከ2,700 ሜትር በላይ ያለ ከተማ ነው፣ ባና ለብሰው ያደጉ ሰው በስቶክሆልም ብርድ አይሸበሩም። የጎዳቸው ጨለማው ይመስለኛል። ለእሳቸው ታኅሣሥ በጋ ነው። ሰማይ የጠራበት፣ አውድማው ላይ እህል የሚወቃበት፣ ፀሐይ ከ11 ሰዓት በላይ የምትቆይበት ወር። ስቶክሆልም ውስጥ በዚያው ወር ቀኑ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትገባለች። ያውም ደመና ካልሸፈናት ነው። መስኮት ሥር የሚቀመጡት ዝም ብለው አይደለም፣ ብርሃን ፍለጋ ነው።

እና ቀትር ላይ ያውጧቸው። እረፍት ያለው ሰው፣ አንቺም ሁኚ ባለቤትሽ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ። ጫማቸው ላይ የሚታሰር፣ ከሥሩ የብረት ጥርስ ያለው ላስቲክ አለ፣ በረዶው እንዳያንሸራትታቸው ገዝታችሁ አድርጉላቸው። በዚያ ዕድሜ አንድ መውደቅ ዓመት ሙሉ ያስተኛል። ጤና ጣቢያም ወስደሽ ስለ ቫይታሚን ዲ ጠይቂላቸው፣ እንደ እኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ላለው አዛውንት በዚያ ፀሐይ ቫይታሚኑ ማነሱ የታወቀ ነው። እንባው፣ እንቅልፍ ማጣቱና ምግብ መጥላቱ ሳምንታት ከቆየ ደግሞ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ናፍቆት ነው ብላችሁ አትለፉት። ለሐኪም ንገሩ፣ አስተርጓሚ ይቅረብልን በሉ። የልጅ ልጅ አስተርጓሚ አይሁን፣ አያት ለልጅ የማይናገሩት ነገር አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ በጣም ደስ ይለኛል ይኼ። ስዊድን ውስጥ ባንዲ የሚባል ጨዋታ አለ። በረዶ ላይ፣ በአንድ ወገን 11 ሆነው፣ ጫፉ በታጠፈ ዱላ ትንሽ ኳስ እየመቱ ነው የሚጫወቱት። ስቶክሆልም ውስጥ ዚንከንስዳም ሜዳ ላይ ይታያል። አማትሽን አንድ ቀን ወስደሽ አሳያቸው። «ይኼማ ገና ነው!» ሳይሉ አይቀሩም። የታጠፈው ዱላ፣ ሩሯ፣ መራኮቱ፣ ሁሉም አለ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለምን እንደሆነ፣ ሎሌው ጌታውን እግሩን ቢመታው እንኳ ያን ቀን እንደማይጠየቅ ለልጆቹ ይተርኩላቸው። ለትንሹ አንድ የታጠፈ እንጨት ፈልጊለትና ከአያቱ ጋር ይላጠው። ከልጅሽ ክፍል የሚጫወት ልጅ ካለም በዓሉ ቀን ጥሩት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ወጥ ቤቱን ለእሳቸው ልቀቂላቸው። አምና ደክሟቸዋል ብለሽ አስቀምጠሻቸው ይሆናል፣ ከአክብሮት ነው፣ ይገባኛል። ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን የዓመት በዓል ሴት የነበሩ እናት ቁጭ ብለው ሲበሉ እንግዳ ሆኑ ማለት ነው። በርበሬው በቃ ወይስ ይጨመር፣ ቁሌቱ በሰለ አልበሰለ፣ የእሳቸው ቃል ይጽና። አንቺ እጅ ሁኚላቸው። የአንቺ አሠራር ከእሳቸው ቢለይ እንኳ ለአንድ በዓል እለፊው።

ሥራውን እንዲህ አቅልዪው። ቁሌቱን ከገና አንድ ሳምንት ቀድማችሁ በዘይት ብቻ ሥሩት። ቅቤ ስለሌለበት የጾም ነው፣ አማትሽም ሳይሰጉ ጨውና በርበሬውን ይቀምሳሉ። ቀይ ሽንኩርቱ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው እዚያ ላይ ስለሆነ ያ ካለቀ ሌላው ቀላል ነው። ሲቀዘቅዝ በዕቃ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። የበዓሉ ዋዜማ ታወጡና ዶሮውን፣ ንጥር ቅቤውንና ቅመሙን ትጨምራላችሁ። ሽንኩርቱን የሚልጠውና የሚከትፈው ባለቤትሽ ነው። ይኼን ሳልሸሽ ነው የምናገረው፣ አውቶቡስ የሚነዳ እጅ ቢላም ይይዛል። ፈረቃው ሌሊት ከሆነ ቀን ይክተፍ። አባት ሽንኩርት እየከተፈ እንባው ሲወርድ ማየት ለልጆች ትልቅ ጨዋታ ነው፣ እነሱም አጠገቡ ነጭ ሽንኩርት ይላጡ። ዶሮውን በሎሚ ማጠብ የልጅሽ ነው። 12 እንቁላል ቀቅሎ መላጥ የትንሹ። ቢሰባብረውም ይላጥ፣ በተሰባበረ እንቁላል የተበላሸ ገና የለም።

ማካሮኒ ካለሽም ቀቅዪለት። እውነቴን ነው። ከማካሮኒው ጎን አንድ እንቁላል ከወጡ ታጥቦ ይቀመጥለት። ወጡን በኋላ ራሱ ይፈልገዋል።

ለድፎ ዳቦው ኮባ ባይኖርም የእስያ ሱቆች የሙዝ ቅጠል በረዶ አድርገው ይሸጣሉ፣ ያም ከሌለ የመጋገሪያ ወረቀት ይበቃል። ቡሆው ከማሞቂያው አጠገብ ይቀመጥ። ጉዝጓዝም አይቸግርሽ። ስዊድኖች ራሳቸው በድሮ ጊዜ ለገና ወለላቸው ላይ ገለባ ይጎዘጉዙ ነበር፣ ዛሬም የጥድ ቅርንጫፍ ደጃፋቸው ላይ ያነጥፋሉ። ከጫካ ከቆመ ዛፍ መቁረጥ ግን ክልክል ነው። የገና ዛፍ ከሚሸጡት ሰዎች የረገፈውን ጠይቂ።

የከሰል ነገር። እባክሽ ቤት ውስጥ ከሰል እንዳታቀጣጥዪ፣ በረንዳ ላይ አቀጣጥለሽም እንዳታስገቢ። መስኮቱ ሁሉ ጥብቅ ብሎ በተዘጋበት አገር የከሰል ጢስ ሳይሸት ይገድላል። ጀበናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፍላ፣ ዕጣኑም በኤሌክትሪክ ማጨሻ ይጢስ። ቡናውን ስትቆዪ ከምድጃው በላይ ያለውን የጢስ መሳቢያ አብሪና መስኮቱን ገርበብ አድርጊ። የጢስ ማስጠንቀቂያው ቢጮህም ባትሪውን አታውጪ፣ በፎጣ አራግቢለት፣ ይተዋል።

ዋዜማው፣ ጃንዋሪ 6፣ ስዊድን ውስጥ የሕዝብ በዓል ነው። ይኼን ብዙ ሐበሻ አይጠቀምበትም፣ ያናድደኛል። አብዛኛው መሥሪያ ቤት ዝግ ነው፣ ትምህርት ቤት የለም፣ ቀኑ በሙሉ የእናንተ ነው። ምግቡ ያን ቀን ያልቃል፣ ማታ የቻለ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ልጆቹን በጋቢ ጠቅልላችሁ ውሰዷቸው፣ እዚያው ይተኙ። ሌሊቱን ከቅዳሴ መልስ ጾም ሲፈታ ትልቋ ነቅታ አብራችሁ ትቁረስ። ሰው ሁሉ ተኝቶ እናንተ ብቻ ስትበሉ፣ ውጭው በረዶ ቤቱ የዶሮ ሽታ ሲሆን፣ ያንን አትረሳውም። ለጃንዋሪ 7 ለአንቺና ለባለቤትሽ ፈቃድ ከኅዳር ጀምራችሁ ጠይቁ፣ ትምህርት ከተከፈተም ለልጅሽ በጽሑፍ አስፈቅዱ። ባለቤትሽ ባይፈቀድለት እንኳ ማዕዱ እሱ በሚገኝበት ሰዓት ይቅረብ። ምሳ መሆን አለበት ያለ የለም።

ጠዋት አማትሽ ስልክ ይያዙ። አገር ቤት በክረምት ስቶክሆልምን በሁለት ሰዓት ይቀድማል፣ ማልዳችሁ ደውሉ። የላሊበላውን ቤዛ ኩሉ በስልክም በቴሌቪዥንም ክፈቱላቸው። ነጫቸውን ለብሰው ይዩ፣ ልጆቹም አዲስ ልብሳቸውን በዚያው ይልበሱ። ስጦታ ለዲሴምበር 24 ብቻ አታውጪ፣ ግማሹን ለዚህ ጠዋት አስቀሪ።

ሁሉም በአንዴ አይሳካም። ዘንድሮ ከስድስቱ እሑድ ሦስቱን ብትይዢ ይበቃሻል። ከሁሉ አስቀድመሽ ግን ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ከባለቤትሽ ጋር ተቀመጪና ደብዳቤሽን አንብቢለት፣ መታጠቢያ ቤት የገባሽበትን ጭምር። አያውቅ ይሆናል። ነገ ደግሞ አማትሽን «ዘንድሮ ገናን እርስዎ ነዎት የሚመሩት፣ ምን እንግዛ?» ብለሽ ጠይቂያቸው፣ የሚሉትንም ልጅሽ ትጻፈው። ፍሪዘሩ ውስጥ ለቁሌቱ ቦታ ከአሁኑ አስለቅቂ።